የአባቴ ተርብ

ቁራሌው መጀመሪያ ሰማንያ ብር አለ። ቀጥሎ ሰማንያ ብርና አንድ የፕላስቲክ ጆግ። ጊዜው 1988 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ጉለሌ፣ የአባቴ ግቢ። ሁለታችን የቆምነው አራት ዓመት ሙሉ በሸራ ተሸፍኖ ከቤቱ ጥግ በከረመ አንድ ቬስፓ ፊት ነበር። ቁራሌው ፓራፋንጎውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ በኪሎ ነው» አለኝ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቃል አልተነፈሰችም።

ለቁራሌው አልሸጥኩትም። ያን ያህል ክብር ነበረኝ፤ ወይም ያለኝ ይመስለኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ መካኒክ መጥቶ በ600 ብር ተስማማን። ሊብሬውን አስረከብኩት። ጎማዎቹ ተንፍሰው ስለነበር ሁለት ልጆች እየገፉ ሲያወጡት ቸርኬው ከኮብሉ ድንጋይ ጋር ሲፋጭ የሰጠው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቴ የተነሳችው የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። መጥረጊያ አመጣችና ቬስፓው ቆሞበት የነበረውን፣ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረውን መሬት መጥረግ ጀመረች። ደጋግማ ጠረገችው። አልለቅ ሲላት መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ስድስት መቶ ብር ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። አባቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። አሥራ ሁለት ቆርቆሮ፣ ምስማርና የአናጢ ዋጋ ሆነ። «ብረት ሸጬ ብረት ገዛሁ» እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር። ቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ያን ቬስፓ የገዛው በ1958 ዓ.ም. በ1,100 ብር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርና ገንዘቡ የዕቁብ ነው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያ ዘመን በሁለት ብር ተኩል ይመነዘር ነበር። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ። ቀለሙ ዝናብ ያዘለ ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሁለት እግር ያለውን ሞተር «ዶቅዶቄ» ሲል አባቴ ይቆጣ ነበር፤ «ዶቅዶቄ ሌላ፣ ቬስፓ ሌላ» ይላል። እኔ ከፊት፣ በእግሩ መሃል ቆሜ መሪውን እይዛለሁ፤ እናቴ ከኋላ በጎን ትቀመጣለች፤ ነጠላዋ ቸርኬ ውስጥ እንዳይገባ ጠቅልላ በብብቷ ትይዛለች። ቤንዚን ሲቀዳ ዘይቱን የሚለካው በአረቄ መለኪያ ነበር፤ ለአምስት ሊትር ቤንዚን አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ዘይት። በዛ ካለ ይጨሳል፣ ካነሰ ፒስቶኑ ይነክሳል። ማርሹ የሚቀየረው በግራ እጅ መያዣውን በማዞር ስለሆነ የአባቴ ግራ አንጓ ከቀኙ ይወፍር ነበር። የቬስፓ ሞተር በስተቀኝ ጎን ነው የተንጠለጠለው፤ ነጂው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሳያውቀው በጥቂቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። አባቴ በእግሩ ሲሄድም ያዘነብል ነበር። ሲቀበር ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ በግራ በኩል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ሰዓት ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

«ቬስፓ» በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ወገቧ የቀጠነ፣ ድምጿ የሚነዝር። የሠራው የፒያጆ ፋብሪካ ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን ይሠራ የነበረ ነው፤ ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በቦምብ ከፈራረሰ በኋላ ነው ለድሃው ጣልያናዊ ርካሽ መጓጓዣ ወደ መሥራት የዞረው። ንድፉን ያወጣው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ደግሞ አይወድም። የሚያቆሽሽ፣ የማይመች፣ ጎማው ሲተነፍስ የሚያስለቅስ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሞተሩን ሸፈነው፤ የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው፤ ፍሬሙንም በቱቦ ሳይሆን በተጨፈለቀ ላሜራ አደረገው። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፋብሪካው ለተርቡ ሦስት እግር ያላት እህት አወጣላት፤ ስሟንም «አፔ»፣ ንብ አላት። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ማምረት የጀመረው የእነዚህን የሁለቱን ፈቃድ ገዝቶ ነው። ዛሬ በአዳማና በሐዋሳ መንገድ የሚርመሰመሰው ባጃጅ እንግዲህ የአባቴ ቬስፓ የእህት ልጅ መሆኑ ነው። ይህን ለባጃጅ ሾፌሮች ስነግራቸው ሂሳብ ላለመክፈል የማወራ ይመስላቸዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በሚሊኒየሙ ዋዜማ፣ በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣልያን አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ለእረፍት መጣ። ቡና እየጠጣን «ያ የጋሼ ቬስፓ የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሸጥኩት አልኩት። በስንት ቢለኝ ነገርኩት። ስኒውን አስቀመጠና ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። እንደዚያ ያለ የስልሳዎቹ ቬስፓ ታድሶ ቆንጆ ከሆነ እሱ በሚኖርበት ከተማ ሦስት ሺህ ዩሮ እንደሚያወጣ ነገረኝ። ያን ጊዜ ዩሮው አሥራ ሁለት ብር ገደማ ነበር። የቀረውን ሂሳብ የሠራሁት ሌሊት፣ አልጋዬ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አሮጌ ሞተር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩት አሳበደኝ። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ የተሸጠው የ1951 ሥሪት ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ 929,000 ዶላር አወጣ፤ ሰላሳ ገደማ ብቻ የተሠራ፣ እሱ ራሱ አውስትራሊያ ውስጥ የፍጥነት ክብረ ወሰን የያዘ ሞተር ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የ1908 ሥሪት ሃርሊ ዴቪድሰን 935,000 ዶላር ተሸጠ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የእንግሊዙ ነው። ኮርንዎል ውስጥ አንድ ጎተራ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተበታትነው፣ ዝገው፣ አቧራ ጠጥተው የቆዩ ስምንት ብራፍ ሱፒሪየሮች በ2016 እ.ኤ.አ. በጨረታ ከ750 ሺህ ፓውንድ በላይ አወጡ። አልታደሱም፤ እንደተገኙ ነው የተሸጡት። ቁራሌው ቢያያቸው ሚዛኑን ያወጣ ነበር።

ዋጋውን የሚያወጣው ምንድን ነው? ብርቅነት ብቻ አይደለም፤ ብርቅ ሆኖ ፈላጊ ያጣ ሞልቷል። እንደ እኔ ግምት ዋጋውን የሚያወጣው የገዢው ዕድሜ ነው። ሰው በአሥራ አምስት ዓመቱ ተመኝቶ ያጣውን በሃምሳ አምስት ዓመቱ፣ ገንዘብ ሲያገኝና ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ይገዛዋል። የእንግሊዝን ትራያምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. ያስወደደው ትውልድ ዛሬ አርጅቷል፤ ጉልበቱ ከድቶት እየሸጠ ነው፤ ገበያውም በብዙዎቹ ላይ ቀዝቀዝ ብሏል። ተተኪው የሰባዎቹንና የሰማንያዎቹን የጃፓን ሞተር ይፈልጋል። በ1969 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 ሲወጣ ፋብሪካው ይህን ያህል ይሸጣል ብሎ አልጠበቀም ነበርና በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሺህ ገደማ ላይ የሞተሩ ቤት ሻካራ፣ በርካሽ ቅርጽ የወጣ ነው። ዛሬ ሰብሳቢዎች በእጃቸው እየዳሰሱ የሚፈልጉት ያንኑ ሻካራውን ነው። የቁጠባ ሥራው ሆነ ማለት ነው የከበረው።

ከገዢው ዕድሜ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ሞተር በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ ከፋብሪካ እንደወጡ ተጣምረው ከቆዩ ዋጋው ሌላ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ቀለም ነው። አዲስ አንጸባራቂ ቀለም ያየ ሰው መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ይገባዋል። ቬትናም ውስጥ የታደሱ እየተባሉ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የተላኩ ብዙ ቬስፓዎች ሲፋቁ ከሁለት ሦስት ቬስፓ የተበየዱ፣ በስቱኮ የተሞሉ ሆነው ተገኝተዋል። ስቱኮን ለማወቅ ማግኔት ይዞ መሄድ ነው፤ ማግኔቱ በተንሸራተተበት ብረት የለም። የእግር ማረፊያውን ጎማ ማንሳትም ያስፈልጋል፤ ቬስፓ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ለሚለኝ፣ ነገድኩበት ነው መልሱ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ አሮጌ ቬስፓ እየፈለግሁ መግዛት፣ አስጠግኜ መሸጥ ያዝኩ። ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ሁለተኛ ቤቴ ሆኑ። ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፤ ጣልያን ከሄደ በኋላ እንኳ ዕቃው በራሱ ቋንቋ ነው የሚጠራው። ገዢዎቼ እዚህ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ወይም መስታወት ጀርባ ለጌጥ የሚያቆሙት የካፌ ባለቤቶች ነበሩ። ስድስት ያህል አለፉ በእጄ። የአባቴን እየፈለግሁ ነው እል ነበር። በከፊል እውነት ነው።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ደላላ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አንዲት እናት ዘንድ ወሰደኝ። ቬስፓው ዛፍ ጥላ ስር፣ ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ጆንያውን ሳነሳ ልቤ ቀጥ አለች። ቀለሙ የፋብሪካ ነው። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ጎማ ምንጣፉ እንኳ የመጀመሪያው ነው። ፊቴን አጠቆርኩ። ቡና ተፈልቶልኝ እየጠጣሁ «እማማ፣ ይኼ እኮ ብረት ነው፤ መለዋወጫም የለው» አልኳቸው። አምስት ሺህ ብር ጠይቀው ነበር። በሦስት ሺህ አምስት መቶ ጨረስን። ውል ተፈራርመን፣ ልጃቸው ምስክር ሆና፣ ፒክ አፕ ላይ ጭነን ልንሄድ ስንል እየተጣደፉ ወጡና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። የባላቸው የመንገድ መነጽር ነው። «ያለሱ ነድቶ አያውቅም፤ አይለያዩ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ገብቼ በ28 ሺህ ብር ሸጥኩት። ገዢው መነጽሩን ሲያይ ዓይኑ ስለበራ ሦስት መቶ ብር ጨመርኩበት።

እኔ ቁራሌውን እንኳ አልሆንኩም። ቁራሌው ብረት ነው ያለው ብረት መስሎት ነው።

ከዚያ በኋላ የገዛኋቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው እጄ ላይ ቀረ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አገደ፤ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ ነበር። የሞተር ዋጋ እንዲህ በአንድ ሳምንት ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። ዕቃ በማመላለስ ይኖሩ የነበሩ ልጆች ያለ የሌለ ገንዘባቸውን ያፈሰሱበትን ሞተር ይዘው ደላላ ደጅ ተሰለፉ። ለኔ ቢጤው የመግዣ ጊዜ ነበር፤ አንድም አልገዛሁም። ደግ ሆኜ ነው ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ፤ ገንዘብ አልነበረኝም። የያዝኳትም ቬስፓ ከግቢ መውጣት ተከልክላ ዶሮ ሰፈረባት። ከዚያ በፊት በመስከረም 2011 የኤርትራ ድንበር ሲከፈት አስመራ ሄጄ ቬስፓ ልፈልግ አስቤ ነበር፤ ብር ሳሰባስብ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። ነጋዴነቴ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ስልኩ የተደወለው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ቢሾፍቱ አንድ ቬስፓ አለ፣ ባለቤቱ 250 ሺህ ይላል። ከመሄዴ በፊት እናቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። ዕድሜዋ 86 ነው። ሥራዬን ታውቃለች፣ ጠይቃኝ ግን አታውቅም። የዚያን ዕለት ወዴት ነው ስትለኝ ነገርኳት። ተነስታ ከሣጥኗ አንድ የቢጫ ወረቀት እጥፋት አወጣች፤ አባቴ ቬስፓውን የገዛበት ደረሰኝ። የሻንሲው ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥር፣ 1,100 ብር። ሊብሬውን ለመካኒኩ ስሰጥ ይህ ወረቀት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስቀምጣዋለች።

ቢሾፍቱ ያገኘሁት ወጣት ትሑት ልጅ ነው። ቬስፓውን ቲማቲም አስመስሎ ቀይ አስቀብቶታል። «ክላሲክ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ማግኔቴን አወጣሁ፤ ግራ ጎኑ ላይ ተንሸራተተ። የሞተሩን ሽፋን አንስቼ ጎንበስ ብዬ የላሜራውን ጠርዝ በቤንዚን ጨርቅ ጠረግሁ። ቁጥሩ እየጠራ መጣ። ደረሰኙን ከኪሴ አወጣሁ። አነበብኩ፤ ደግሜ አነበብኩ። የሞተሩ ቁጥር ሌላ ነው። የሻንሲው ግን የአባቴ ነው። ምንጣፉን ገልጬ በጥፍሬ ብጭረው ከቀዩ ስር ሰማያዊው ብቅ አለ።

ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የገዛሁና የሸጥኩ ሰው ነኝ። ሻጭ ፊት ስሜት አይገለጥም፤ መጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። «የአባቴ ነው» አልኩት። ልጁ እኔን አየ፣ ቬስፓውን አየ፣ ደረሰኙን አየ። ከልቡ አዘነልኝ፤ ውኃ አምጥቶልኝ አብረን ተቀመጥን፤ ስለ አባቴ ጠየቀኝና አጫወትኩት። ሲጨርስ ዋጋውን 280 ሺህ አደረሰው። «ለርስዎ ከሌላ ሰው ይበልጥ ስለሚያወጣ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ትክክልም ነው፤ እኔ ራሴ ስነግድ የኖርኩት በዚህ ሕግ ነው።

እየተመለስኩ አውቶቡስ ውስጥ አሰላሁ። ብሩ በሐምሌ 2016 ከገበያ ጋር እንዲንሳፈፍ ከተደረገ ወዲህ ከ57 ተነስቶ ዶላሩ ያን ጊዜ 126 ገደማ ደርሶ ነበር። የልጁ የመጀመሪያ ዋጋ እንግዲህ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። እኔ የሸጥኩበት በዚያን ጊዜው ምንዛሪ መቶ ዶላር አይሞላም። አባቴ የገዛበት፣ አንባቢ ያዝ ያልኩትን ሁለት ብር ተኩል እዚህ ያውጣልኝ፣ 440 ዶላር ነው። ሃያ እጥፍ አደገ ለማለት ስቸኩል ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ዶላሩም ያው ዶላር አይደለም፤ ከዚያ ዘመን ወዲህ የመግዛት አቅሙ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል። በዛሬ ገንዘብ ሲታሰብ አባቴ ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ከፍሏል። ስለዚህ ያ ሁሉ «ክላሲክ» ተብሎ፣ ያ ሁሉ ቀለም ተቀብቶ፣ ቬስፓው ዛሬም አንድ ጸሐፊ በዕቁቡ ከገዛበት ዋጋ እኩሌታው ላይ ነው ያለው። ያደገው እኔ ከጣልኩበት ሲለካ ነው።

በማግስቱ ድሬዳዋ ደወልኩ። ስልኩን ያገኘሁት በውሉ ላይ ምስክር ሆና ከፈረመችው ልጅ ስም ስር ነው። ምን ልል እንደተዘጋጀሁ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ስሜን ስነግራት ወዲያው አወቀችኝ። «እማዬ እኮ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው» አለች። «ሁሌ ታነሳህ ነበር። ሌላው ሁሉ በኪሎ ሲጠይቀኝ ያ ጨዋ ልጅ ብቻ በቁሙ ገዛኝ ትል ነበር። ቬስፓው ደህና ነው? መነጽሩስ?»

ደህና ነው አልኳት።

እናቴ የቢሾፍቱውን ነገር ስነግራት እየለቀመች ነበር፤ ዓይኗ ስለደከመ አሁን ምስሩን የምትለቅመው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ቀይ መቀባቱን ስነግራት ፊቷን አጨፈገገች። ዋጋውን ስነግራት ግን ምንም አልመሰላትም። ቆይታ ቀና አለችና «ቆርቆሮው እኮ እስካሁን አያፈስም» አለች። ልታጽናናኝ ይሁን ልትወቅሰኝ አላወቅሁም። አልጠየቅኋትም።

ደረሰኙን ወደ ሣጥኗ አልመለስኩትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውሏል። ባለፈው ሰኞ 20 ሺህ ቀንሷል። ገና አልመለስኩለትም።